የግራ ጉንጭ

ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልት ሲያልቅበት፣
ኮንዶሚኒየም ስር ነው ሱቄ ያለበት።
በቀኜ ሙክታር ነው፣ በር ይበይዳል፣
ብልጭታው ሳይጠራ መስታወቴን ያልፋል።
በግራዬ ማሳ፣ ጤፍ ይዘራ ነበር፣
ዘንድሮ ኮረት ነው፣ የተቆለለ አፈር፤
አይሱዙ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሣል፣
ውበት የምሸጥ ሴት፣ ፊቴ አቧራ ለብሷል።

መደርደሪያዬ ላይ የቆሙትን ሁሉ
ጠባያቸውን አውቃለሁ፣ እንደ ጎረቤት፦
ሬቲኖል የሌት ሰው ነው፣ ፀሐይ አይስማማውም፤
ቫይታሚን ሲ የጠዋት፣ ግን ሆደ ባሻ፣
ብርሃን ገረፈኝ፣ አየር ነካኝ ብሎ የሚያኮርፍ፤
ሃያሉሮኒክ በስሙ አሲድ ነው፣ በግብሩ እንስራ፣
ውሃ መያዝ እንጂ ማቃጠል አያውቅም።
ናያሲናማይድን ሳይደናቀፍ ለጠራ ደንበኛ
ሃምሳ ብር እቀንስለታለሁ፤
ሃምሳዬ እስካሁን አልተነካም።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት አንድ አይሱዙ ቆመ፣
ሞተሩ ሳይጠፋ በሩ ተላተመ።
ሹፌሯ ገባች፤ ስሟ አመለወርቅ፣
ግራ ጉንጯን በጣቷ አሳየችኝ፣ ሳትሸማቀቅ።
«ሃያ ስድስት ዓመት መሪ ይዣለሁ፣
የሞጆን አሸዋ ስንቴ እንዳመላለስኩ ቁጥሩን ረስቻለሁ።
በመስኮቱ በኩል ያለው ጉንጬ ሸመገለ፣
ይሄኛው ተቀምጧል፣ ገና ነኝ እያለ።
አንቺ ልጅ፣ ጨክነሽ እውነቱን ንገሪኝ፣
ለግማሽ ፊት ብቻ በግማሽ ዋጋ ስጪኝ።»

አየኋት። በቀኟ ታላቅ እህቴ ናት።
ዞር ስትል፣ በግራ፣ የእናቴ እኩያ ናት።
በሁለቱ መሃል አፍንጫዋ ቆሟል፣
እንደ ድንበር ድንጋይ።

«አንቲኦክሲዳንት» አልኳት፣ ድምፄን አለስልሼ።
«ምን አልሽ?»
ከኮሌጅ የተረፈኝን ፍለጋ ወደ ኋላ ሄድኩ፦
«አየሽ፣ ፀሐይ ቆዳ ውስጥ ጎደሎ ነገር ትወልዳለች፤
ጎደሎው ከጎረቤቱ ይነጥቃል፣
የተነጠቀው ደግሞ ከወዲያኛው ይነጥቃል፣
እንዲህ እንዲህ እያለ ሰፈሩ ይፈርሳል፤
ይሄ ጠብታ ታዲያ መሃል ይገባና
‹ከኔ ውሰድ› ይላል…»

ከውጭ ሙክታር አዲስ በር አጋድሞ
ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ዝገቱን ቀድሞ።
አየችው። አየችኝ። ተንከትክታ ሳቀች፦
«አንቲረስት በይኛ! ምን ያደክምሻል ዙሪያ ጥምጥም!»

ሦስት ዓመት የተማርኩት በአንድ ቃል አለቀ።

ጠርሙሱን አነሣች፣ ወደ ብርሃን ያዘችው።
ካርቶኑ ላይ የተሳለው ጠብታ እንደ ምንጭ የጠራ፣
ውስጡ ያለው ግን ሻይ መሰለ፣ የቆየ ሻይ።
የማታ ፀሐይ በዚህ መስታወት ትገባለች፣
ዘጠኝ ወር ሙሉ ስትገባ ነበር፤
እኔም ዘጠኝ ወር አላየሁም፣
ወይ አይቼ ዝም ብያለሁ።
ዋጋው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው፣
የቤት ኪራይ ደግሞ ሰኞ።
«ቀለሙ እንዲህ ነው» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ
ወደ ጉሮሮዬ ተመለሰ።
«ተበላሽቷል» አልኳት። «አርጅቷል።»

ወደ መስኮቱ አየች፣ ወደ ጠርሙሱ፣
«ምስኪን» አለች፣ ክዳኑን በጣቷ እየዳሰሰች፣
«እሱም መስኮት ዳር ነው የዋለ።»

የፀሐይ መከላከያ ገዝታ እዚያው ቀባችው፣
ግራውን ብቻ፣ እንደ ሙክታር፣ ወፈር አድርጋ፤
ነጭ ጉንጭ ይዛ ወጣች።
አይሱዙው ተንቀሳቀሰ። መስኮቱ ክፍት ነው።
ክርኗን አወጣች።
ክርኗን ረስተነዋል።

ማታ ጠርሙሶቹን ከመስታወቱ አራቅሁ፣
አንድ በአንድ ወደ ውስጥ፣ ወደ ጥላው አዛወርኩ፤
ከዚያ በእጅ መስታወት የራሴን ፊት አየሁ፦
ዘጠኝ ወር ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ መስኮት።
ቀኙ ነው የኔ።
ሙክታር መዝጊያውን አውርዶ «ደህና እደሪ» ሲል
ወንበሬን አንስቼ አዞርኩት፣
የግራው ጉንጬም ተራው ይድረሰው ብዬ።